የማንጠግቦሽ ሁለተኛ ዓይን

አምና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ መምህራችን የክፍሉን መጋረጃ ዘግቶ ግድግዳው ላይ የሩቅ አገር ሥዕሎችን ያሳየን ነበር። አንዱ የቤት ውስጥ ሥዕል ነው። አንዲት ሴት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ትመለከታለች። ፊቷ ወደ ጎን ስለ ዞረ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። መምህሩ «ይህች ሴት በምን ስሜት ላይ ያለች ይመስላችኋል?» ብሎ ጠየቀን። አንዱ ናፍቆት ነው አለ። ሌላው የለም፣ ሰላም ነው አለ። አንዷ ደግሞ ድካም ነው ብላ የትከሻዋን አጎነባበስ በደንብ አስረዳች። እኔ እንደ ልማዴ የኋላ ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። በልቤ የመጣው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ «ምን አጥፍታ ይሆን?» የሚል።

ጮክ ብዬ ብናገረው ክፍሉ በሳቅ ያውካካ ነበር፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ሥዕል ማየት የተማርኩት ከአባቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ሞገስ የቢቸና የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። በእሱና ከእሱ በፊት በነበሩት ሠዓሊዎች ሕግ፣ ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይናቸው ይሣላሉ። ይሁዳ፣ ሄሮድስና የሰይጣን ጭፍሮች ግን ወደ ጎን እንዲዞሩ ይደረጋል፤ የሚሰጣቸውም አንድ ዓይን ብቻ ነው። በእኛ አገር ያለ ሰው ሁሉ፣ ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር፣ ይህን ያውቃል።

ልጅ ሳለሁ ታዲያ ይህ ሕግ የሥዕል ብቻ አይመስለኝም ነበር። ማንም ሰው ከጎኑ ሲያዩት አንድ ዓይን ብቻ ያለው መሆኑ ትልቅ ጭንቀት ሆኖብኝ ነበር። ሰው ሲጠራኝ አንገቴን ብቻ አላዞርም፤ እንደ በሬ መላ አካላቴን አዙሬ ሁለቱንም ዓይኔን አሳየዋለሁ። የምተኛው በጀርባዬ ነበር። በጎኔ ከተኛሁ አንዱ ዓይኔ ትራስ ውስጥ ስለሚገባ፣ በዚያ የሚያልፍ መልአክ ከክፉዎቹ ወገን እንዳይቆጥረኝ እፈራለሁ። ዘመዶቻችን «ይህች ልጅ ዓይናፋር ናት፤ ሰውን አንዴ አይታ አንገቷን ትደፋለች» ይላሉ። በዚያች አንድ እይታ ሁለት ዓይን እንዳላቸው አረጋግጬ መጨረሴን አያውቁም።

ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት በነበረው ዓመት፣ መስቀል አልፎ ጤፉ መብሰል ሲጀምር፣ ከሞጣ ለአባቴ መልእክት መጣ። የግራዝማች አዳሙ ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ የውብዳር ለባላቸው ሙት ዓመት የሚደርስ ሥዕል ፈልገዋል። የሚፈልጉት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይደለም፤ የገዛ ቤታቸውን፣ እልፍኛቸውን ነው። እናቴ አራስ ነበረች። «ከአባትሽ ጋር ሂጂ፤ ቀለም እየፈጨሽ ታግዢዋለሽ» አለችኝ። አህያችንን ጭነን በደብረ ወርቅ በኩል ተጓዝን። መንገድ ላይ አህያዋን ከጎኗ ሳያት ቆየሁና፣

«አባዬ፣ አህያችን ኃጢአተኛ ናት?» አልኩት።

አባቴ ቆሞ አየኝ፤ ከዚያ አህያዋን አየ። ነገሩ ሲገባው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ለእንስሳ ይህ ሕግ የለም፤ እንስሳ ሠርቶ የሚያፍርበት ነገር የለውም» አለኝ። ከሞጣ እስክንደርስ ለብቻው ይስቅ ነበር።

ወይዘሮ የውብዳርን ሰው ሁሉ እሜቴ ይላቸዋል። ቆርቆሮ ክዳን ባለው ሰፊ ቤት፣ እልፍኙ መሀል፣ ምሰሶውን ተደግፈው ቆመው ተቀበሉን። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጭራ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ነበሩ።

«መሪጌታ፣ ከስተዋል» አሉት አባቴን።

አባቴ በሕይወቱ ከስቶ የማያውቅ ሰው ነው። «አዎ እሜቴ፤ መንገዱ ነው» አለ። በኋላ እንዳየሁት ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ከስተሃል» ይሉታል፤ ከስተሃል የተባለ ሰው ሁሉ ደግሞ አዎ ይላል።

ከዚያ ሥራውን አዘዙ። «ቤቴን ግራዝማች በነበሩ ጊዜ እንደነበረው ይሥሉልኛል። እሳቸው እዚያ አልጋው ላይ፣ እኔ አጠገባቸው፣ ልጄ ደምሴ እግራቸው ሥር። ጋሻው እዚያ፣ ጠመንጃው እዚያ፣ የቀንድ ዋንጫው ከራስጌ።» ይህን ሲሉ በጭራቸው ያመለክታሉ፤ ጭራው አንዱንም ዕቃ አልሳተም። «ምራቴንም ይሥሏታል፤ እምሰሶው ሥር። በአንድ ዓይን።»

አንዲት ወጣት ሴት የአባቴን እግር ለማጠብ ውሃ ይዛ በርከክ ብላ ነበር። ማሰሮው እጇ ላይ ቆመ። ምራቲቱ ራሷ እሷ መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው። አባቴ ግን፣ «እሜቴ፣ ሥዕል ምስክርነት ነው። ያየሁትን እሥላለሁ» አለ።

«ታዲያ ዓይን አለዎት አይደል? እዚሁ ይሰነብታሉ፤ ያዩዋታል» አሉት።

ማንጠግቦሽ የምትባለው ይህች ምራት ከየጁቤ አገር፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ የመጣች ናት። ባሏ ደምሴ ከሠርጋቸው በኋላ ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ሄዶ ቀረ፤ ወሬውም ጠፋ። እሜቴ ልጄን ከቤቱ ያስመረረችው እሷ ናት ብለው ደመደሙ። ስሟን አይጠሩም፤ «አንቺ» ነው የሚሏት። እሷ ግን ትንሿን ልጇን ትርንጎን ይዛ እዚያው ቀረች።

ያን ቀን ውጭ አጥሩ ጥግ ላይ አባቴን አግኝታ፣ «መሪጌታ፣ የትኛውን ዓይኔን ነው የሚተዉልኝ? ግራውን ይተዉልኝ፤ ቀኙ ጭስ አይችልም» አለችው።

አባቴ ሊስቅ ፈልጎ አቃተው። «ገና አላየሁሽም» አላት።

«ይዩኝ እንጂ። ብቻ አንድ ነገር ይወቁ። አባቴ ለሙት ዓመቱ ከየጁቤ ይመጣል። ልጁን እንደ ይሁዳ ተሥላ ካያት አያድርም፤ ዕለቱን ይዞኝ ይሄዳል። እሄዳለሁም። ትርንጎ ይህን እያየች እንድታድግ አልፈልግም።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። እጇ ግን የነጠላዋን ጥለት ጠምዝዞ ጠምዝዞ ገመድ አስመስሎት ነበር።

ወሬው በሞጣ ተሰማ። ወንፊት ልዋስ፣ እሳት ልጫር እያሉ የሚመጡ ሴቶች በዙ። እልፍኙን በበሩ ቀዳዳ ይቃኛሉ። አንዷማ ማንጠግቦሽን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ «አንቺዬ፣ ሲያዩሽ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው» አለቻት። «አዎ፤ አንዱን ላውስሽ?» አለቻት ማንጠግቦሽ።

እኔ በበኩሌ ፈርቻት ነበር። እሜቴ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አንድ ዓይን ይገባታል ካሉ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው ብዬ አሰብኩ። ክፋቷን ለማግኘት ተከታተልኳት።

ሥራው ተጀመረ። አባቴ አቡጀዲውን በእንጨት ወጥሮ፣ የበሬ ቆዳ ቀቅሎ ሙጫ አፈላ። የሙጫው ሽታ ሰፈሩን ሞላው። ማንጠግቦሽ አፍንጫዋን ይዛ፣ «መሪጌታ፣ ይሄ ለሥዕል ነው ወይስ ለጅብ ድግስ?» ትለዋለች። እኔ ድንጋይ ላይ ቀለም እፈጫለሁ፣ ከእንቁላል አስኳል ጋር አዋህዳለሁ፤ እጄ ለብዙ ቀን ቢጫ ሆኖ ከረመ። አባቴ እያንዳንዱ ሰው እንዴት ይቀመጥ እንደነበረ እሜቴን ይጠይቃል። ስለ ግራዝማች ሲጠይቃቸው ለስለስ ይላሉ። ስለ ደምሴ ሲጠይቃቸው፣ «ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ጉልበቱን አንሥቶ ነው የሚቀመጠው፤ አሁን የሚነሣ ይመስላል» አሉ።

ቀስ በቀስ ቤቱ አቡጀዲው ላይ መጣ። አልጋው፣ ጋሻው፣ ጠመንጃው፣ መሶቡ፣ ምሰሶው፣ እምሰሶው ሥር ያለው በርጩማ። ግራዝማችም፣ እሜቴም፣ ደምሴም ፊት አገኙ። ማንጠግቦሽ ግን ቀሚስና ነጠላ ብቻ ነበረች፤ ፊቷ ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ገብታ ታየውና፣ «ዛሬም ፊት የለኝም» ብላ ወጥታ ሥራዋን ትቀጥላለች። እኔን ያ ባዶ ነጭ ከአንድ ዓይን ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

አባቴ፣ ሌሎች አባቶች ልጃቸውን ፊደል እንደሚያስቆጥሩ፣ እኔን ሥዕል ያስነብበኝ ነበር። «አንብቢ» ይለኛል። መጀመሪያ ትልቁን ሰው እፈልጋለሁ። ከዚያ እጆችን አያለሁ። ከዚያ ዓይኖቹ ወዴት እንደሚያዩ እናገራለሁ። መጨረሻ ላይ መሬት ላይ ያለውን ዕቃ። አንድ ቀን፣

«አባዬ፣ ሥዕል ውስጥ ለምን ማንም አይስቅም?» አልኩት።

«ይስቃሉ እንጂ። ጥርሳቸውን ስለማያሳዩ ነው ያላየሽው። እጃቸውን እይ። የተከፋ ሰው እጅና የተደሰተ ሰው እጅ አንድ ነው?»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የሰው እጅ ሳይ ዋልኩ። የማንጠግቦሽ እጅ ግን ግራ አጋባኝ። አፏ ስለ እሜቴ ሲቀልድ፣ አረማመዳቸውን እየተከተለች ጭራ እንደ ያዘ ሰው ስታስመስል እጇ ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ የእሳቸውን ጫማ ያራግፋል፣ የእሳቸውን ዋንጫ ሁልጊዜ ከነበረበት ያስቀምጣል።

ክፋቷን አገኘሁ ብዬ ያመንኩት በርጩማው ላይ ነው። ቀለም የምፈጭበት ቦታ ርቆኝ ነበርና እምሰሶው ሥር ያለውን በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩበት። ማንጠግቦሽ ከጓዳ ዘላ መጥታ ከሥሬ ነጠቀችኝ።

«ይህን በርጩማ ከቦታው እንዳታነሺ! ሁለተኛ እንዳላይሽ!»

«ትንሽ እኮ ነው የሳብኩት…»

«ትንሽም ቢሆን!»

በርጩማውን መልሳ አስቀመጠች። በእግሯ ጫፍ ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አድርጋ፣ መሬቱ ላይ ከቆየው ጠቋራ ምልክት ጋር እስኪገጥም አስተካከለችው። እኔ ዕንባዬን ውጬ ለአባቴ፣ «እሜቴ እውነታቸውን ነው፤ ክፉ ናት። በርጩማ እንኳ አታስነካም» አልኩት። አባቴ በርጩማውን ትኩር ብሎ አየው።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ከሰዓት፣ አባቴ የምሰሶውን ግርጌ በደንብ ለማየት በርጩማውን አንሥቶ ወደ መሀል አደረገው፤ ሥራ ይዞት ረሳው። ማንጠግቦሽ ምንጭ ወርዳ ነበር። ገና እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ ደፍ ላይ ስታስቀምጥ እሜቴ ከጓዳ ወጡ። ሁልጊዜ እንደሚሄዱት ቀጥ ብለው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ መጡ። በርጩማው ጋ ሲደርሱ እግራቸው ተጠለፈ። አንድ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ፊት ተደፉ።

እንስራው ሲሰበር ሰማሁ። ቀና ስል ማንጠግቦሽ መሬት ሳይነኩ በሁለት ክንዷ ተቀብላቸው ነበር። ውሃው በደፉ ላይ ይፈስሳል።

«ማን ነው?» አሉ እሜቴ። «ማን ነው ይህን እዚህ ያኖረው?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ማንጠግቦሽ ቀደመችው።

«እኔ ነኝ እሜቴ። ቤት ስጠርግ ረስቼው ነው።»

«አንቺማ! አንቺማ መቼ አርፈሽ ታውቂያለሽ! አዩ መሪጌታ? በገዛ ቤቴ ልትገድለኝ ነው። አዩ?»

«አየሁ፣ እሜቴ» አለ አባቴ።

በማግስቱ ጠዋት፣ እሜቴ ገና ሳይነሡ፣ ማንጠግቦሽ እልፍኙን ስትዞር አገኘኋት። በርጩማውን፣ መሶቡን፣ የአልጋውን እግር፣ የበሩን መወርወሪያ ሁሉ በእጇና በእግሯ እየነካች ቦታ ቦታቸውን ታረጋግጣለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ከጓዳው በር እስከ አልጋው ተራመደች። ምንም አልነካትም። ዓይኗን ስትገልጥ አየችኝ።

«እትዬ፣ እሜቴ አያዩም እንዴ?» አልኳት።

መጥታ ፊቴ በርከክ አለች። «ያያሉ» አለችኝ።

«በርጩማውን ግን…»

«ያያሉ አልኩሽ። እሜቴ ያያሉ። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩ፤ የገባኝ ግን ገና ግማሹ ነበር።

ሳቅ አለች። «እኔ ወደዚህ ቤት ስመጣ በሬ ከገበያ በዓይናቸው መርጠው የሚያስገዙ ሴት ነበሩ። ወንዶቹ 'እሜቴ ይዩልን' ይሉ ነበር። አሁን እንዲህ መሆናቸውን ሰው ቢያውቅ በኀፍረት ይሞታሉ። ከሞቱ ደግሞ ማን ይሰድበኛል?»

«ለምን አትነግሪያቸውም? ዕቃውን ቦታ ቦታው የምታደርጊው አንቺ መሆንሽን?»

«ከነገርኳቸውማ ማወቄን አወቁ ማለት ነው። ያ ከአንድ ዓይን ይብስባቸዋል።» ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «እኔ ስሄድ ግን ማን እንደሚያስቀምጥላቸው እንጃ።»

ሄጄ ለአባቴ አልነገርኩትም። መንገርም አላስፈለገኝም። ያን ዕለት፣ «አስኳል አምጪልኝ» አለኝና ከባዶው ነጭ ፊት ለፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ የፊቷን ቅርጽ በቀጭኑ አወጣ። ከዚያ አንድ ዓይን። ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ብሩሹን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሁለተኛውን ዓይን ሠራ።

«አባዬ፣ እሜቴ እኮ በአንድ ዓይን ነው ያሉት።»

«አዎ፣ ብለዋል።»

«ቢቆጡስ?»

«ይቆጣሉ። በሰው ፊት ቀደው ሊያባርሩን ይችላሉ።» ይህን ሲል እጁን አየሁት፤ የዓይኗን ጥቁር እያጠቆረ ነበር። «እኔ ግን ያየሁትን እሥላለሁ ብያቸዋለሁ።» ሲጨርስ ሥዕሉን በነጠላ ሸፈነው። ከዚያ በኋላ ማንጠግቦሽን ጨምሮ ለማንም አላሳየም።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ። ቀሳውስቱና ዘመድ አዝማዱ ሥዕሉን ለማየት እልፍኙ ውስጥ ተጨናንቀው ቆሙ። የማንጠግቦሽ አባት፣ ጥቁር ከሲታ ሽማግሌ፣ ከበሩ አጠገብ ምርኩዛቸውን እንደ ጨበጡ ነበሩ። አቁማዳቸውን ከትከሻቸው እንኳ አላወረዱም። ማንጠግቦሽ ትርንጎን አዝላ ከሴቶቹ መሀል ቆማለች። ሴቶቹ ከሥዕሉ ይልቅ እሷን ያያሉ።

አባቴ ነጠላውን ገለጠው።

ሹክሹክታ ተነሣ። ማንጠግቦሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቷ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረቡ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ከሥዕሉ ወደ እሜቴ፣ ከእሜቴ ወደ ሥዕሉ ያመላልሳል። እሜቴ ከሥዕሉ ፊት ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሹክሹክታውን ይሰማሉ፤ ጆሯቸው ወደ አንዱ፣ ወደ ሌላው ሲዞር አየሁ። ሰዉ በምን እንደሚያንሾካሹክ ግን አያውቁም። በዚያ ክፍል ውስጥ እንደማያዩ የምናውቅ አባቴ፣ ማንጠግቦሽና እኔ ብቻ ነበርን።

«ደግ ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ጭራቸውን አነሡ። «ቀለም የምትፈጨው ልጅ የት አለች? ሥዕል ታነባለች አሉ። ነይ፤ ለእንግዶቼ አንብቢላቸው።»

ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም። አባቴን ፈለግሁት፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ተናገሪም ተይም የሚል ነገር ፊቱ ላይ የለም። ወጥቼ ሥዕሉ አጠገብ ቆምኩ።

«ይህ… ግራዝማች ናቸው…»

«ጮክ በይ!»

«ግራዝማች ናቸው! አልጋ ላይ ናቸው። ቀኝ እጃቸው ዋንጫ ይዟል። ግራ እጃቸው በእርስዎ ትከሻ ላይ ነው።»

«በትከሻዬ ላይ?»

«አዎ እሜቴ። ቀስ ብሎ ነው ያረፈው። ሲያዩት አይከብድም።»

የእሜቴ አንገት ትንሽ ዘንበል አለ፤ እጁ ያረፈበት ወደሚሆነው ትከሻ። «ቀጥይ» አሉ።

«ይህ ጋሽ ደምሴ ነው። እግራቸው ሥር ተቀምጧል፤ ግን አንዱ ጉልበቱ ተነሥቷል። ሊሄድ ነው። የሚያየው ወደ በሩ ነው።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «እውነት ነው፤ ያ ልጅ ዱሮም መሬት አይችለውም ነበር» ሲሉ ሰማሁ። የእሜቴ ጭራ መወዛወዝ አቆመ።

«ምራቴስ?»

«እምሰሶው ሥር ናት።»

«እንዴት ሆና?»

በሰው መሀል የማንጠግቦሽን ፊት አየሁት፤ ወደ እኔ ዞሮ ነበር፤ ሙሉ ፊቷ። መሬት መሬቱን ባይ፣ ዝም ብል ማንም ልጅ ናት፣ ፈራች ይል ነበር። ነገር ግን አባቴ ያየውን ሥሏል፤ የሣለውን የማነብለት እኔ ነኝ።

«ሁለት ዓይን አላት፣ እሜቴ።»

«ሁለት?» አሉ።

«ሁለት።»

ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። ሊጮኹ ነው ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል ሌላ ነገር ጠየቁኝ፤ አባቴ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝን ጥያቄ።

«ወዴት ያያሉ? ዓይኖቿ።»

«ወደ ታች ነው፤ ወደ እርስዎ እግር። እርስዎ ከአልጋው ሊወርዱ ነው፤ አንዱ እግርዎ ገና መሬት አልረገጠም። እሷ አንድ እጇን በርጩማው ላይ አድርጋለች።»

«በርጩማው የት ነው?»

«እምሰሶው ሥር፣ እሜቴ። ቦታው ላይ።»

እንግዶቹ ምራቲቱ በትሕትና የአማቷን እግር ታያለች ብለው ነው የተረዱት፤ አንድ ቄስ «መልካም፣ መልካም» ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሜቴ ግን ሌላ ነገር ሰምተዋል። ቀና ያለው አንገታቸው አልተሰበረም። ከንፈራቸው ብቻ አንድ ነገር እንደሚቆጥር ሰው ይንቀሳቀሳል፤ አሁን ሳስበው በርጩማውን፣ መሶቡን፣ ዋንጫውን፣ ሳይደናቀፉ ያለፏቸውን ጠዋቶች የሚቆጥሩ ይመስለኛል።

«መሪጌታ» አሉ።

«አቤት እሜቴ።»

«ብዙ አይተዋል።»

አባቴ ጎንበስ አለ። እሜቴ ጭራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኛቸውን ወደ ሰዉ ዘረጉ፤ ወደ ማንም አቅጣጫ ያልሆነ፣ ባዶ አየር ላይ የተዘረጋ እጅ።

«ማንጠግቦሽ» አሉ። ወደዚያ ቤት ከመጣን ጀምሮ ስሟን ሲጠሩ ገና መስማቴ ነበር። «እጅሽን ስጪኝ። ወደ ዳሱ ውሰጂኝ፤ እንግዶቹ ይብሉ።»

ማንጠግቦሽ ትርንጎን ለጎረቤቷ ሰጥታ መጣች። እጃቸውን ስትይዝ ጣቶቻቸው ጣቶቿን ጥብቅ አድርገው ሲጨብጡ አየሁ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። በሩ ጋ ሽማግሌው አባቷ አቁማዳቸውን ከትከሻቸው አውርደው ግድግዳው ሥር አስቀምጠው ነበር። ማንጠግቦሽ በአጠገቤ ስታልፍ ዓይኗ ዕንባ ሞልቶ ጎንበስ አለችና፣ «ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ አፍንጫዬን አስረዝሞታል» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ።

ሰው ከኋላቸው መውጣት ሲጀምር፣ ቅድም ስለ ደምሴ የተናገሩት ሽማግሌ እኔ ላይ ዓይናቸውን ተክለው፣ «ይህች ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ ልጁን በሰው ፊት የሚያመሰግን ሰው አይደለም። በቤታችን አመስግኖኝ የሚያውቀው ዝም በማለት ነው። ያን ቀን ግን ከግድግዳው ተነሥቶ በሰዉ መሀል እየሰነጠቀ መጣ፤ ቀለም የነካውን ሰፊ እጁን ራሴ ላይ አሳረፈና፣ እልፍኙ ውስጥ የቀረ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣

«የኔ ናት» አለ።